ቮልቱን ትታችሁ ባትሪውንና ምላጩን እዩ፦ ስለ መልቲቱል ለተጻፈው ምክር ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ አንድ ቤት ስናድስ ባለቤቱ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ መልቲቱል ስለ መግዛት የሚመክር አንድ ጽሑፍ አስነበበኝ። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ሴራሚክ ልናለብሰው ነው። የበሩ መቃን ግን እስከ አሮጌው ወለል ድረስ ወርዷል፤ ለሴራሚኩ ውፍረት ቦታ የለውም። ልጁ ይህን ሥራ በራሴ እጅ እጨርሰዋለሁ ብሎ ገመድ አልባ መልቲቱል ሊገዛ ተነስቷል። ገንዘቡንም አዘጋጅቷል። "ጋሼ፣ ይሄ የሚለው ልክ ነው?" አለኝ።

ግማሹን እዚያው ቆመን አወራነው። ቀሪውን ማታ ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት፤ ያንን ምክር ያነበበው እሱ ብቻ አይደለምና።

መጀመሪያ ማሽኑን ለማያውቁ ሁለት ቃል። መልቲቱል ጫፉ ላይ የታሰረለትን ምላጭ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በትንሹ፣ ግን በጣም በፍጥነት የሚያንቀጠቅጥ የእጅ ማሽን ነው። ምላጩ እንደ ግራይንደር ዲስክ አይሽከረከርም። እንደ ጂግሶም ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለስም። ስለዚህ ሌላ መጋዝ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ቮልቱ ከፍ ያለውን ግዙ። ከዚያ ቀጥሎ ፍጥነቱን ብቻ እዩ፣ ሌላው ያው ነው። ብሩሽለስ የሚባለው ካርቦን የሌለው ሞተር ማስታወቂያ ብቻ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ከአሜሪካ አስልኩ። አንዱ ማሽን ግራይንደሩንም ጂግሶውንም ድሪሉንም ይተካል። ምላጩ የትኛውም ለየትኛውም ስለሚገጥም ርካሹን በብዛት ያዙ። በመጨረሻም ቆዳ ስለማይቆርጥ ለማንም አያሰጋም። በአንዳንዱ እስማማለሁ። በአንዳንዱ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ሰው ገንዘቡንም ጣቱንም ሊያጣ ይችላል።

ከቮልቱ ልጀምር። ጽሑፉ 48 ቮልት የተጻፈበት ማሽን 20 ቮልት ከተጻፈበት ከእጥፍ በላይ ጉልበት አለው ይላል። እስቲ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርዳችሁ ባትሪዎቹን በእጃችሁ ያዟቸው። አንዱ ላይ 21 ቪ ይላል። ሌላው ላይ ቮልት በሚመስል አጻጻፍ 48 ቪኤፍ፣ ሌላው ላይ 88 ቪኤፍ፣ ሌላው ላይ ደግሞ 128 ቪኤፍ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቁመታቸው አንድ ነው። ክብደታቸውም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ሄደ?

ልዩነት የለም። ባትሪው ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ሴል እያንዳንዱ በአማካይ 3.6 ቮልት ነው። አምስቱ ተቀጣጥለው ሲታሰሩ 18 ቮልት ይሆናሉ። ባትሪው ሞልቶ ከቻርጀር ሲነሳ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ አምስቱ 21 ቮልት። ስለዚህ 18 ቮልት፣ 20 ቮልት እና 21 ቮልት ብዙ ጊዜ የአንድ ነገር ሦስት ስም ነው። አንዱ አማካዩን ጻፈ፣ ሌላው ሲሞላ ያለውን ጻፈ። 48 ቮልት በእውነት እንዲወጣ 13 ሴል ተቀጣጥሎ መታሰር አለበት። መዳፍ በምታክል ባትሪ ውስጥ ይህን ያህል ሴል አይገባም። አሥር ሴል ያለው ወፍራሙ ባትሪ እንኳ አምስት አምስቱን ጎን ለጎን ነው የሚያስራቸው። የሚጨምረው ቮልቱ ሳይሆን ቆይታው ነው።

መታየት ያለበት አምፔር ሰዓቱ፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው። ሒሳቡ ለማንም አይከብድም። 18 ቮልት ባለ 2 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ሁለቱ ሲባዙ፣ 36 ዋት ሰዓት ይይዛል። ጠንካራ እንጨት ስትቆርጡ ማሽኑ 200 ዋት ቢወስድ ባትሪው 11 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ባለ 4 አምፔር ሰዓቱ 22 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። 11 ደቂቃ ጥቂት ይመስላል፤ ግን መልቲቱል ሥራው ቁራጭ ቁራጭ ነው። አንድ መቃን ለመቁረጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ሳይመጣ ለሚውልበት ቀን ግን ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት መካከለኛ መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሥራ አይቆምም።

ደግሞ ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ትልቅ ነገር አለ። ባትሪው የሚገጥመው በወንድሞቹ ላይ ብቻ ነው። ቤታችሁ የኢንግኮ ወይም የቶታል ወይም የማኪታ ገመድ አልባ ድሪል ካለ፣ ባትሪና ቻርጀር አላችሁ ማለት ነው። ከዚያው ቤተሰብ ባዶውን፣ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር የሚሸጠውን፣ መልቲቱል ብትገዙ ወጪው በጣም ይቀልላል። ልጁን መጀመሪያ የጠየቅኩት "ድሪል አለህ?" ብዬ ነው። አለው። ጽሑፉ ደግሞ ሌላ ባትሪ፣ ሌላ ቻርጀር፣ ሌላ ሳጥን ሊያስገዛው ነበር።

ፍጥነትን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። ጽሑፉ ፍጥነት ብቻ እዩ ይላል። ግን አብዛኛው ማሽን ጣሪያው በደቂቃ 20,000 ንዝረት ገደማ ነው። ሁሉም እኩል የሚሆንበትን ቁጥር አይቶ መምረጥ አይቻልም። የሚለያዩት በሚንቀጠቀጡበት ስፋት ነው። ይህ በዲግሪ ይጻፋል፤ ከ3 ዲግሪ ትንሽ ከሚያንስ እስከ 5 ዲግሪ አለ። ከማሽኑ ማዕከል 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ የምላጭ ጥርስ በ3 ዲግሪ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ5 ዲግሪ 7 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በእንጨት ላይ ይህ ልዩነት በእጅ ይታወቃል። ሰፊው በፍጥነት ይቆርጣል፣ እጅን ግን ያደክማል። ለብርጭቆ ወረቀት ሥራ ጠባቡ ይሻላል፤ እንጨቱን አይቧጭረውም። ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ የሚደረግ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ብረት በዝግታ ነው የሚቆረጠው።

በብሩሽለሱ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ካርቦን የሌለው ሞተር ባትሪ ይቆጥባል፣ ብዙም አይሞቅም፣ ካርቦን ቀይሩልኝም አይልም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያነሳው ሰው ግን ተጨማሪውን ገንዘብ ምላጭ ላይ ቢያውለው እመርጣለሁ። በዚህ ለሚያድር ሙያተኛ ብሩሽለስ ይገዛ እላለሁ።

አሁን ወደ አሜሪካው ልሂድ። ይህን ነጥብ ሳነብ ያዘንኩበት ምክንያት አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቤት ስሠራ፣ የባለቤቱ እህት ከአሜሪካ አንድ ሙሉ ሳጥን መሣሪያ ላከችለት። ድሪልም መልቲቱልም ሁለት ባትሪም አለበት። ደስታውን አልረሳውም። የቻርጀሩ ሶኬት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለነበረው ከሱቅ አዳፕተር ገዝቶ ሰካው። እኔ ደጅ ላይ እንጨት እየለካሁ ነበር። መጀመሪያ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሮጬ ስገባ ከቻርጀሩ ቀዳዳዎች ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣል። ገልብጠን ጀርባውን አነበብነው። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ግድግዳችን ላይ ያለው 220 ነው። አዳፕተሩ የቀየረው የሶኬቱን ጥርስ እንጂ ቮልቱን አይደለም።

ማሽኑም ባትሪውም ደህና ነበሩ። ግን ባትሪውን የሚሞላ ነገር ጅማ ውስጥ አጣንለት። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁሉ እየነገርን ወራት ፈጀ። ያ የሚያምር መሣሪያ እስከዚያ ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ስለዚህ አስልኩ ስትሉ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት፣ ማሽኑንና ባትሪውን ብቻ ላኩ። ለ220 ቮልት የተሠራ የዚያው ኩባንያ ቻርጀር እዚህ መገኘቱን ደግሞ ከመላኩ በፊት አጣሩ። ካልተገኘ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እሱም ቻርጀሩ የሚወስደውን ዋት የሚችል መሆን አለበት። የአውሮፕላኑም ነገር አለ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። 18 ቮልት ባለ 5 አምፔር ሰዓቱ 90 ነው፣ ያልፋል። ከዚያ የሚተልቀው እስከ 160 ዋት ሰዓት ድረስ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

አንዱ ሁሉን ይተካል የሚለው ላይ ደግሞ ማሽኑን ያለ ሥራው መክሰስ አልፈልግም። እወደዋለሁ። ግን ድሪል አይደለም፤ አይበሳም። ረጅም ቀጥ ያለ ቁርጥ አይሆንለትም። ሴራሚክ ለሁለት መሰንጠቅ የግራይንደር ወይም የሴራሚክ መቁረጫው ሥራ ነው። በዝናብ አብጦ አልዘጋ ያለ በር በመላጊያ ነው የሚላገው። ጅማ ደግሞ ከክረምቱም ውጭ ዝናብ አያጣትምና የሚያብጥ በር ሞልቷል። ለእሱ ብላችሁ መልቲቱል አትግዙ።

የእሱ ቦታ የት ነው ካላችሁኝ፣ የጭቃ ቤት እላችኋለሁ። እዚህ ብዙው አሮጌ ቤት የጭቃ ነው። ከላይ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ብሎኬት ይመስላል እንጂ ውስጡ ባህር ዛፍ፣ ማገርና ጭድ የተቦካበት ጭቃ ነው። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ላይ ለሶኬት ሳጥን ቦታ ለመክፈት በመሮና በመዶሻ ስትመቱ ምን እንደሚከተል የሠራ ያውቀዋል። የምትመቱት አንድ ቦታ ነው። ልስኑ የሚረግፈው ግን ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነው። ማገሩ ከዳር እስከ ዳር ተያይዟልና ምቱን ይዞት ይሄዳል።

ጂሬን መውጫ ላይ የአንዲት እናትን ቤት ስሠራ፣ እትዬ ገና መሣሪያዬን ሳወጣ "ልጄ፣ ግድግዳዬን እንዳታፈርሰው" አሉኝ። ባለፈው የመጣው ኤሌክትሪሻን አንድ ሶኬት ለማስገባት ግማሽ ግድግዳ አርግፎባቸው ነበር። መልቲቱሉ ላይ ለሲሚንቶ የሚሆነውን፣ በጥርስ ፈንታ ጠንካራ ደቃቅ ቅንጣት የተለጠፈበትን ባለ ጥራጥሬ ምላጭ አሰርኩ። በእርሳስ ያሰመርኩትን አራት ማዕዘን በዝግታ ተከተልኩት። ከምላጩ ስር እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ አቧራ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። እትዬ ከጎኔ መጥተው መዳፋቸውን ልስኑ ላይ አሳረፉ። ትንሽ ቆይተው "አይነቃነቅም እኮ" አሉ። ጭቃውን በእጅ በመሮ ጠረግሁት። ማገሩ ሲታይ ምላጩን ለእንጨትና ለሚስማር ወደሚሆነው ቀየርኩና ቆረጥኩት። ከአራት ማዕዘኑ ውጭ አንድ ስንጥቅ አልነበረም።

ይህን ማድረግ የሚችል ሌላ የእጅ ማሽን አላውቅም። የኮርኒስ ቺፕውድ ከፍቶ የሚያፈስ ቦታ ለማየትም፣ ከሴራሚክ መሃል አንዱን የተሰነጠቀ ለማውጣት ዙሪያውን ያለውን ፊስቶን፣ ማለትም የሴራሚኩን መገጣጠሚያ መሙያ፣ ለመፋቅም እንደዚሁ ነው። ለኮርኒሱ ሥራ፣ እጅ ወደ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚውል፣ ትንሹና ቀላሉ ባለ 12 ቮልት ከትልቁ ይሻላል። ቮልቱ ከፍ ያለውን ግዙ ያለው ምክር እዚህም አይሠራም።

ከእትዬ ቤት ሥራ ላይ ሁለት ምላጭ መቀየሬን ልብ በሉ። ጽሑፉ በጣም የተሳሳተው እዚህ ነው። የትኛውም ምላጭ ለየትኛውም ይሆናል ይላል። አይሆንም፤ በሁለት ምክንያት።

አንደኛው ብረቱ ነው። በርካሹ ጥቅል ውስጥ አብዛኛው ምላጭ ተራ የካርቦን ብረት ነው። ለንጹሕ እንጨት ጥሩ ነው። አንድ ሚስማር ሲነካ ግን አለቀለት። ጥርሱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንጨቱን አይቆርጥም፣ ያቃጥለዋል፤ የዋንዛው ሽታ ይለወጣል፣ ቁርጡም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አሮጌ መቃን ደግሞ ሚስማር የሌለበት የለም። ለእሱ ባይሜታል የሚባለው፣ ጥርሱ ከሌላ ጠንካራ ብረት የተበየደው ነው የሚሆነው። ለጠንካራ ብሎን ካርባይድ ከሚባለው እጅግ ጠንካራ ነገር የተሠራ ጥርስ ያለው። ለሲሚንቶና ለሴራሚክ ፊስቶን ደግሞ ጥርስ የሌለው፣ ባለ ካርባይድ ወይም ባለ ዳይመንድ ጥራጥሬው። ጥርስ ያለውን ምላጭ ሲሚንቶ ላይ ማስነካት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። አሥር ርካሽ ከመያዝ ሦስት በቁም ነገር የተሠሩ ይዞ መግባት ይሻላል፤ አንድ ሰፊ ባይሜታል፣ አንድ ጠባብ ባይሜታል፣ አንድ ባለ ጥራጥሬ።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ቦሽና ፋይን የሚባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ስታርሎክ የሚባል ማሰሪያ አወጡ። መሃሉ እንደ ጎድጓዳ ሰሃን የገባ ነው። ሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን ቀዳዳ ያለውን ይጠቀማሉ። ጠፍጣፋው ስታርሎክ ማሽን ላይ አይያዝም። ስታርሎክም ራሱ ሦስት ደረጃ አለው፤ የትንሹ ምላጭ ትልቁ ማሽን ላይ ይገጥማል፣ የትልቁ ግን ትንሹ ላይ አይገጥምም። ማሽኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ምላጩ እዚህ ካልተገኘ፣ ሥራው ሲጋመስ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ይደረጋል? አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ የኔ ቅደም ተከተል ከጽሑፉ የተገለበጠ ነው። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ምላጭ ጠይቁ። የትኛው ዓይነት ዘወትር እንደሚመጣ ባለሱቁ ይነግራችኋል። አንዱን ምላጭ በእጃችሁ ይዛችሁ ማሽኑ ላይ እዚያው አስገጥሙት። አጥብቃችሁ ወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ይቅርባችሁ። ያለ ቁልፍ በእጅ ብቻ የሚያስርና የሚፈታ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ ምላጭ ቶሎ ቶሎ ይቀየራልና።

የመጨረሻው ነጥብ ቆዳ አይቆርጥም የሚለው ነው። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የጀርመኑ ፋይን ኩባንያ ይህን ዓይነት ማሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ለሐኪም ቤት ነበር፤ የተሰበረ እጅና እግር ላይ የታሰረ ጀሶ መቁረጫ። ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ ከሚንቀጠቀጠው ምላጭ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ጀሶ ግን ደረቅ ስለሆነ ይቆረጣል። እውነት ነው። ግን ያ ምላጭ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። ዋንዛ የሚቆርጥ ጥርስ ጣት ላይ ሲያርፍ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ቆዳ የለም። ጣት አጥንት አለው፣ እንጨትም ላይ ተደግፏል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በዚሁ ወሬ ተማምኖ ምላጩን ባትሪው ሳይነቀል ሊቀይር ሲል አውራ ጣቱ ላይ ሦስት ስፌት ተሰፍቷል። ምላጭ ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ። ለልጅ በፍጹም አትስጡ።

ከጣት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሳንባ ነው። ያ እንደ ዱቄት የላመ የሲሚንቶና የሴራሚክ አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ሳንባ ከገባ አይወጣም። መነጽርና ፊት ላይ የሚጣበቅ ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ ነጠላ በአፍንጫ ላይ መጠምጠም አይበቃም። አሮጌ ኢተርኒት፣ ያ የሲሚንቶ ሉህ፣ ከሆነ ደግሞ በማሽን አትንኩት፤ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ አደገኛ ክር ሊኖርበት ይችላል።

ልጁ ከድሪሉ ጋር አንድ ባትሪ የሚጠቀመውን ባዶ ማሽን ሊገዛ ወስኗል። ምላጩን ቅዳሜ መርካቶ አብረን ወርደን እናያለን። መቃኑን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ እኔ የሴራሚኩን ቁራጭ ወለሉ ላይ አስተኝቼ ምላጩ የሚያርፍበትን ከፍታ እይዝለታለሁ።